የገና ዛፍ ቁጥር አለው

ቶምኬ ቆልማማውን ቢላዋ የመኝታ ከረጢቱ አንገት ላይ ሰክታ ወደ ታች ጎተተችው። ጨርቁ ሲጥ ብሎ እስከ እግሩ ተተረተረ፤ ነጩ ሙሌት በስንጥቁ በኩል ተገፍቶ ወጣ። አገላብጣ አንድ ጊዜ ደግሞ በወርዱ ቆረጠችው። ትእዛዙ እንደዚያ ነው፤ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በወርድ፣ ማንም መልሶ ሰፍቶ እንዳይተኛበት። ቁራጮቹን ጠቅልላ ከኋላዋ ወዳለው ኮንቴይነር ወረወረችና ቀጣዩን ከእንጨት መጫኛው፣ ከፓሌቱ ላይ አነሳች።

"አየሁ" አለ ፎኮ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት እያሰመረ።

"ማየትህን ማን ጠየቀህ?"

"ለማየት ነው የተቀመጥኩት። ካላየሁ ደመወዝ የለም።"

"ታዲያ አፍህን ዘግተህ እይ።"

"አፌን ከዘጋሁ ማየቴን በምን ታውቂያለሽ?" አለና በጓንቱ አፍንጫውን ጠረገ። ሣቀች። መጋዘኑ ውስጥ ስትሥቅ ትንፋሿ ይታያል።

አራት ዓይን ይሉታል። የጀርመን ጦር ንብረት ሲወገድ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ያያል። ብቻውን የሆነ ሰው ጥንድ ካልሲ እንኳ መጣል አይችልም። ፎኮ ዕድሜውን ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ክረምት ቀርቶታል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ከመዋል መጋዘኑ ውስጥ መብረድ ይሻለዋል። አንድም ቀን ታምሜአለሁ ብሎ ቀርቶ አያውቅም፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ቶምኬ ግን የመጣችው የወንዙ ዳር የመርከብ ፋብሪካ ሲዘጋ ነው። እዚያ ለመርከብ የሚሆን ፍራሽና መጋረጃ ትሰፋ ነበር። እዚህ ሌላ ሰው የሰፋውን ትቀድዳለች።

ከረጢቶቹ አዲስ ናቸው። ከላስቲካቸው እንኳ አልወጡም። ከባድ ብርድ የሚችሉ፣ በደንብ የተሰፉ ናቸው፤ ቶምኬ መጀመሪያ ቀን ስፌታቸውን በጣቷ እየተከተለች "ይህን የሰፋችው ሴት እጇ ይባረክ" ብላ ነበር። ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ዚፓቸው በቀኝ በኩል ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ግዢ ክፍሉ ጋ ገንዘብ ተረፈ። ዓመቱ በታኅሣሥ ይዘጋል፤ እስከዚያ ያላለቀ ገንዘብ ከሚመጣው ዓመት በጀት ይቀነሳል፤ ስለዚህ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ቢሮዎቹን ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ የሚገዛ ነገር ፍለጋ ይሯሯጣሉ። አንድ ሰው ዚፑ በግራ ቢሆን ወታደሩ በቀኝ እጁ ቶሎ ይከፍተዋል አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም ሐሳብ ጥሩ ነበር። ዚፑ በግራ የሆነ ከረጢት ታዘዘ፣ አዲስ ቁጥር ተሰጠው፣ የፊተኛው ቁጥር ከሲስተሙ ተሰረዘ። ቁጥር የሌለው ዕቃ እዚህ ቤት ዕቃ አይባልም። ለወታደር አይታደልም። ጨርቁ በጨለማ ከሚያይ መሣሪያ የሚሰውር ስለሆነ ለተራ ሰው አይሸጥም፣ አይለገስም። የሚቀረው ቢላዋ ነው።

አዲሶቹስ? አዲሶቹ ከግድግዳው ማዶ፣ በሚቀጥለው መጋዘን፣ ቢጫ ጥብጣብ ታስሮባቸው ተከምረዋል። የእሳት ፍተሻ ሳያልፉ አይታደሉም፤ ፍተሻው ደግሞ ወረፋው እስከ ፀደይ ነው።

"አሮጌው ሞቷል፣ አዲሱ አልተወለደም" ይላል ፎኮ። "ወታደሩ መሐል ላይ ይተኛ።"

ለረፋድ ሻይ ወደ ጥጓ ክፍል ሲገቡ ቶምኬ ከሳጥኗ ውስጥ ስልኳን አወጣች። መጋዘን ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ኤኖ የድምፅ መልእክት ልኮ ነበር። ልጇ ኤኖ ከመስከረም ጀምሮ ሊትዌኒያ ካለው ጦር ጋር ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"እማ፣ ደህና ነኝ፣ አትደንግጪ። ድምፄን የዘጋው ጉንፋን ነው። ሰኞ ጫካ እንገባለን፤ ገና ሲቃረብ ነው የምንወጣው። የኔ ከረጢት ዚፑ ተበጥሷል፤ በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ። አሥር አለቃዬን ሌላ ስጠኝ ብለው 'ታዟል' አለኝ። መቼ ይመጣል ብለው 'ታዟል' አለኝ። እንግዲህ ትእዛዙ ውስጥ ገብቼ እተኛለኋ። ብርድ ልብስ እንዳትልኪ፣ ሲረጥብ እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ከሌር ከተማ፣ ከዚያ ከካምፕ ዕቃ ሱቅ፣ አንድ ብትገዢልኝ ከደመወዜ እመልስልሻለሁ። ቀይም ቢሆን ግድ የለም። ባለፈው አንዱ ልጅ የእግሩ ጣቶች ጠቁረው ወሰዱት፤ ሁለቱን ቆርጠውለታል አሉ። ለአባዬ አትንገሪው፣ እሺ? በይ ቻው።"

መልእክቱ ሲያልቅ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም።

"ምን አለ?" አለ ፎኮ። ድንጋይ ስኳሩን በየስኒው ጥሎ ትኩሱን ሻይ ሲያፈስበት ስኳሩ ጠሽ ጠሽ አለ። ክሬሙን በማንኪያ በጠርዝ በጠርዙ አንጠበጠበ።

"በርዶታል።"

"ወታደር ነው። ይበርደዋል።"

"ጣት የሚቆርጥ ብርድ ነው፣ ፎኮ።"

ፎኮ ስኒዋን ወደ እሷ ገፋላት። እሷ ሱቁ ጋ ደወለች። የሱቁ ሰውዬ ጨዋ ነበር፤ ጥያቄዋን እንኳ አላስጨረሳትም። "ለከባድ ብርድ የሚሆነውን ነው? አልቋል፣ እመቤቴ። የወታደር እናቶች ጨረሱት። እርስዎ ዛሬ አራተኛ ነዎት። ከገና በኋላ ይመጣል።"

ዘጋችው። ሻይዋን ጠጣችና ማንኪያዋን ስኒው ውስጥ አቆመች። እዚህ አገር ማንኪያ ስኒ ውስጥ ከገባ በቃኝ ማለት ነው፤ ከሦስት ስኒ በታች በቃኝ የሚል ደግሞ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል።

"በአንድ?" አለ ፎኮ።

"በአንድ።"

ከመስኮቱ ውጭ ግቢው ውስጥ ሾፌሩ ሂኒ የጭነት መኪናውን እየጫነ ነበር። የሚጭነው ዛፍ ነው። በየዓመቱ ለሊትዌኒያው ጦር የገና ዛፍ ይላካል፤ በመረብ ተጠቅልለው እንደ ዓሣ ተደራርበዋል። ቶምኬ ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

"ሞይን ሂኒ" አለች እንደ አገሩ ሰላምታ።

"ሞይን። ጥድ ትፈልጊያለሽ? አንዱ ቅርንጫፉ ተሰብሯል።"

"መቼ ነው የምትደርሰው?"

"ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ እሑድ ማታ እዚያ ነኝ። ፖላንድ ላይ በረዶ ካልያዘኝ።"

እሑድ ማታ። ኤኖ ጫካ የሚገባው ሰኞ ነው።

"ለኤኖ አንድ ጥቅል ብሰጥህ?"

ሂኒ ገመዱን አጥብቆ ቋጠረና አያት። ምን ዓይነት ጥቅል እንደሆነ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ ሐሳቡን ለወጠ። "ስሙን ጻፊበት" አለ። "እኔ ሾፌር ነኝ። ዛፍ መሐል ምን እንዳለ አላውቅም። ግን ዘጠኝ ስትል እወጣለሁ፣ ለእናቴም አልጠብቅም።"

የመጋዘኑ ኃላፊ የአቶ ሜንሰን ቢሮ ሞቃት ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ ገና እስኪደርስ በየእሑዱ አንድ የሚለኮስ፣ አራት ሻማ የተተከለበት የገና ጉንጉን ተቀምጧል፤ ሁለቱ ሻማዎች አጥረዋል። አቶ ሜንሰን ክፉ ሰው አይደለም። ለቶምኬ ባለቤቷ ሃቦ ሳንባውን የታመመ ጊዜ ያለ አንዳች ጥያቄ ፈቃድ የሰጣት እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

"አቶ ሜንሰን፣ መኪናው ሙሉ ነው?"

ወዴት እያመራች እንደሆነ ወዲያው ገባው። መነጽሩን አወለቀ። "ወይዘሮ ኡበን፣ እኔ እኮ ጠይቄያለሁ። ከረጢቶቹ ወደዚያ ይላኩ ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። ጉዳዩ እየተጣራ ነው አሉኝ።"

"እስኪጣራ መቁረጡ ይቁማ።"

"መቁረጡ አይደለም የሚጣራው። እሱ ተወስኗል። ዓመቱ ሳያልቅ መጋዘኑ ባዶ መሆን አለበት፤ ድንኳን ይገባበታል።"

"ምን ድንኳን?"

"አዲስ ድንኳን" አለና ወደ ሻማዎቹ ዞረ። ሁለቱም ታኅሣሥ መሆኑን ያውቃሉ።

"ልጄ ሰኞ ጫካ ይገባል። ዚፑን በመርፌ ቁልፍ ይዞታል። አንድ ብቻ። ዋጋውን ከኪሴ እከፍላለሁ።"

"ለማን ነው የሚከፍሉት? የሌለን ዕቃ ምን ብዬ እሸጥልዎታለሁ?"

"እዚያ ተከምሮ እያየነው የለም?"

"በሲስተሙ የለም። መኪናው ላይ የሚወጣ ማንኛውም ነገር ቁጥር ሊኖረው ይገባል።"

"ዛፉስ?"

"ዛፉ ቁጥር አለው።"

"የገና ዛፍ ቁጥር አለው?"

"አለው" አለ አቶ ሜንሰን፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። "መሬት የሚቆመው አንድ ቁጥር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ሌላ።"

ልትወጣ እጀታውን ስትይዝ ከኋላዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዲርክን ያስታውሱታል" አላት። ማስፈራራት አልነበረም፤ እንደ መለመን ያለ ነበር።

ዲርክን ማን ይረሳል? አምና ከኮንቴይነሩ ውስጥ፣ ከተጣለው ውስጥ፣ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ አንስቶ በር ላይ ተያዘ። በዚያው ቀን ተባረረ። ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዳኛው ቁራጭም ቢሆን የመንግሥት ነው አሉ። አሁን በገበያ ቀን በሌላ ሰው ጋሪ ላይ ዓሣ ይሸጣል። ሰላም ሲሉት ዓሣውን እያየ ነው የሚመልሰው።

ስትመለስ ፎኮ በርጩማው ላይ ነበር። ቢላዋውን አነሳች። ቆረጠች። አገላብጣ ቆረጠች።

"አየሁ።"

"ሂኒ ይወስድልኛል" አለች ፊቷን ሳትመልስ።

"ምኑን?"

"ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።"

ፎኮ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። "አልሰማሁም።"

"ጆሮህን ማን ቀጠረው? የተቀጠረው ዓይንህ ነው።"

"ስሚ ቶምኬ። ካላየሁ አየሁ ብዬ አልፈርምም፤ ያየሁትን አላየሁም ብዬም አልፈርምም። እስከ ዛሬ አድርጌው አላውቅም። በኔ ዕድሜ ደግሞ አዲስ ነገር አይጀመርም።"

"ኤኖ እኮ ነው። አንተ ነህ ብስክሌት ያስተማርከው።"

"ኤኖ መሆኑን አውቃለሁ!" ፎኮ ጮኸ። ድምፁ ጣሪያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ዝቅ አለ። "ፓሌቱ የተቆጠረ ነው። አንድ ከጎደለ የጎደለው ካንቺና ከኔ መሐል ነው። ሌላ ሰው የለም። አንቺ ዓሣ ትሸጫለሽ፤ እኔስ? እኔ ዓሣ አልወድም።"

ልትሥቅ ሞከረች፣ አልመጣላትም። ቤቱ ገና የባንክ ነው። ሃቦ ከመኝታ ቤት ኩሽና ለመድረስ መንገድ ላይ የሚያርፍበት ወንበር አኑረውለታል፤ ሥራ የሚባል ነገር አብቅቶለታል። ከዚህ ግቢ ሌላ በዚህ ቀዬ ለሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ደመወዝ የሚከፍል የለም። ይህን ሁሉ ፎኮም ያውቃል፣ ሜንሰንም ያውቃል፣ ቢላዋውም ሳያውቅ አይቀርም። ቆረጠች።

"አየሁ።"

ቆረጠች።

"አየሁ።"

እንዲህ ሲሉ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ገፉት። ብርሃኑ ገና ከሰዓቱ ሳይገፋ መደብዘዝ ጀመረ። የፓሌቱ ከፍታ ከደረቷ ወደ ወገቧ ወረደ፤ ሌላ ፓሌት በፎርክሊፍት አመጣች። ከውጭ የሂኒ መኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማ፤ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ያሞቀዋል። ቶምኬ አንዱን ከረጢት በቁመቱ ቆረጠች፣ በወርዱ ቆረጠች፣ ወረወረች። "አየሁ" የሚለውን ጠበቀች። አልመጣም።

ዞር ስትል ፎኮ ቆሟል። ጭረቱን አስምሯል፤ ወረቀቱን በርጩማው ላይ አስቀምጦ እርሳሱን በላዩ ላይ አጋድሞታል።

"አሞኛል" አለ።

"ምንህን?"

"እንጃ። ራሴን።" ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፋ። "ለሜንሰን ነግሬው ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ሕጉን ታውቂያለሽ፤ ሁለተኛ ሰው ሳይመጣ ቢላዋው አይነሳም። ሰው እስኪፈልግ ደግሞ ትንሽ ይቆያል።"

"ፎኮ።"

"የኔ ጭረት ካየሁት ጋር ልክ ነው" አለ። "ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። እኔ አልነበርኩማ።" እየተንቀረፈፈ ሄደ። አንድም ቀን ታሞ የማያውቀው ሰው፣ በሩ ጋ ሲደርስ መታመም እንዴት እንደሚደረግ የጠፋበት ይመስል አንድ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ራሱን መሆኑን አስታወሰና ወደ ግንባሩ ወሰደው። በሩ ተዘጋ።

ቶምኬ ብቻዋን ቀረች።

ከፓሌቱ አናት ላይ አንዱን ከረጢት አነሳች። እርሳሱ ላስቲክ ላይ አልጽፍ ሲላት ከኪሷ ወፍራሙን ባለጥቁር ቀለም ብዕር አወጣች፤ በትልቁ ኤኖ ኡበን ብላ ጻፈች። ከረጢቱን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ጓሮው በር ተራመደች። ከመኪናው የሚለያት ግቢው ብቻ ነው። የጥዱ ሽታ በበሩ ስንጥቅ ይገባል።

መሐል ላይ እግሯ ዘገየ። ፎኮ ጭረቴ ልክ ነው አለ እንጂ ፓሌቱ ልክ ነው አላለም። ነገ ይቆጠራል። ሲጎድል ማን ነበር ይባላል፤ አንዱ ታመምኩ ብሎ ወጣ፣ ሌላዋ ብቻዋን ነበረች። ለምን ዛሬ ታመመ ይሉታል፤ በዕድሜው አንድ ቀን፣ ልክ በዚያች ሰዓት? ፎኮ ይህን አስቦታል። አስቦትም ወጥቷል። እንግዲህ እሷ የተሸከመችው የልጇን ከረጢት ብቻ አይደለም፤ የሽማግሌውንም ሁለት ክረምት ነው። ኤኖ ጣት አለው። ፎኮ ጡረታ አለው። ሃቦ ወንበር አለው።

ሂኒ ጥሩምባውን አንዴ ነፋ። እጀታውን ያዘች።

"ወይዘሮ ኡበን?"

አቶ ሜንሰን በፊት ለፊቱ በር ገብቶ ቆሟል። ጥቁር የሱፍ ካፖርት ለብሷል። "ሰው የለም፤ ሁሉም ፈቃድ ላይ ነው" እያለ መጣ። "ስለዚህ እኔው ራሴ ሁለተኛ ዓይን..."

ብብቷ ሥር ያለውን አየ። ተጠጋ። ስሙን አነበበ። ከንፈሩ ሲያነብ ይንቀሳቀስ ነበር። ከግቢው የሞተሩ ድምፅ ይመጣል።

"ወደ ጠረጴዛው ይመልሱት" አለ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ። "ከጠረጴዛው ሌላ የትም አልሄደም። እኔ አሁን ነው የገባሁት።"

"መኪናው ሊወጣ ነው።"

"እባክዎ። እኔም ሰው ነኝ። ልጆች አሉኝ።"

"የት ናቸው?"

"ትልቋ... ሃምቡርግ ትማራለች።"

"ሃምቡርግ ይበርዳል?"

አቶ ሜንሰን የካፖርቱን ቁልፍ ነካካ። እሷም ብዙ አልጠበቀችም። ቢጮህባት ኖሮ በሩን ከፍታ ትሮጥ ነበር ይሆናል፤ ይህን በኋላም ለራሷ አላረጋገጠችም። አልጮኸም። ለእሷ ቦታ ለቀቀላት፣ ልክ በጠባብ መተላለፊያ ለሴት እንደሚለቅ ጨዋ ሰው። ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ላስቲኩን ቀደደችው፤ ስሙ የተጻፈበት ወለሉ ላይ ወደቀ። ከረጢቱን ዘረጋችው። በሙሉ ክንዷ ዳበሰችው፣ አልጋ እንደምታነጥፍ።

አቶ ሜንሰን ኪሱ ውስጥ እጆቹን ከቶ ከጎኗ ቆመ። "እንቀጥል" አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቶሎ ካለቀ ይሻላል።"

ቶምኬ ቢላዋውን አነሳች። አገላበጠችውና ስለቱን በጓንቷ ይዛ እጀታውን ወደ እሱ ዘረጋችለት።

"ምንድን ነው?"

"እርስዎ ይቁረጡ።"

"ወይዘሮ ኡበን፣ ይህ እኮ ሥራን እምቢ ማለት ነው። እንደዚያ ብዬ መጻፍ ይኖርብኛል፤ አያስገድዱኝ።"

"እምቢ አላልኩም። እዚሁ ነኝ። ሕጉ አራት ዓይን ይላል፤ እጁ የማን እንደሆነ አልተጻፈም። እኔ አያለሁ።"

አቶ ሜንሰን ቢላዋውን አየ። የዚህን ቤት ዕቃ ሁሉ በፊርማው ያስገባና ያስወጣ ሰው ነው፤ ቆልማማውን ቢላዋ ግን ይዞት አያውቅም። ሕጉን በሐሳቡ ሲያገላብጠው ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፣ ምንም አላገኘም። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ያዘው።

ሂኒ ሁለቴ ነፋ። አቶ ሜንሰን ወደ ጓሮው በር ዞረ። ከዚያ ወደ ከረጢቱ። ቶምኬ ለአፍታ፣ ቢላዋውን ያስቀምጠዋል ብላ አሰበች። በሩ ቅርብ ነበር። ለሁለቱም ቅርብ ነበር።

"ከየት ነው የሚጀመረው?" አላት።

"ጭንቅላት ከሚያርፍበት።"

ሰካው። ጎተተ። ልምድ ስለሌለው ቢላዋው መንገዱን ስቶ ወደ ጎን ሄደ፤ ሁለቴ ሦስቴ መመለስ ነበረበት። ነጩ ሙሌት እየበነነ ጥቁር ካፖርቱ ላይ፣ ክራባቱ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። በወርዱ ሲቆርጠው ያቃስት ነበር። ከግቢው መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ በር ላይ አዝግሞ፣ ማርሽ ቀይሮ፣ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ። ቀስ በቀስ ድምፁ ሄደ። የጥዱ ሽታ ግን ለጊዜው ቆየ።

አቶ ሜንሰን ቁራጮቹን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ታቅፏቸው ቆመ። ኮንቴይነሩን በአገጯ አሳየችው። ጥሎ ተመለሰና እጀታውን ወደ እሷ አድርጎ ቢላዋውን ዘረጋላት። "በቃ" አለ። "ይበቃል፤ ተረዳሁ። አሁን እርስዎ ይቀጥሉ።"

ቶምኬ በፎኮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቢላዋውን ለመቀበል እጇን አልዘረጋችም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ከፎኮ የመጨረሻ ጭረት ቀጥሎ አንድ ጭረት አሰመረች።

"አየሁ" አለች። "የሚቀጥለው ፓሌቱ ላይ ነው።"